ምዝገባ ላይ ያልተነገረ ነገር ክፍል ውስጥ አይጀመር

የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ መሰለኝ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በከፈተችው ትምህርት ቤት የሙስሊሙም የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ከዚያስ? አንዳንዱን ደብዳቤ አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለሆነ ሙስሊም መምህርት መቅጠር ነውር ይሆናል ወይ?

መልስ፦ አይሆንም። ጎበዝ ከሆነች ቶሎ ቅጠሯት።

ጥያቄ፦ ደሴ በሚገኝ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው የጻፉልኝ። ጠዋት ከሰልፍ ቀጥሎ መዝሙርና ጸሎት አላቸው። የተወሰኑ ሙስሊም ወላጆች «ልጆቻችን ከጸሎቱ ይቅሩብን» ብለዋል። ቦርዱ ደግሞ «ካልተመቻቸው ሌላ ትምህርት ቤት ሞልቷል» ይላል።

መልስ፦ የቦርዱን መልስ አልወደድኩትም። ወላጅ ከፍሎ፣ ዩኒፎርም አሰፍቶ፣ ልጁ ጓደኛ ካፈራ በኋላ «ሌላ ቦታ ሂድ» አይባልም።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ተከታዮች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። እዚያው አንቀጽ ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። እንደኔ እምነት፣ ለሁሉም ልጅ በሩን የከፈተ መደበኛ ትምህርት ቤት ጸሎትን ግዴታ ሲያደርግ ከዚህ ጋር ይጋጫል። የፈቃዱን ዝርዝር የከተማውን ትምህርት መምሪያ ጠይቁ።

ከሕጉ በላይ ግን ያላችሁበት አገር ታሪክ አለ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወጣ ብሎ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነበር፤ ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እንቢ ያለው ተዋጋ፣ ተሰደደ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበር። እናንተ ማንንም ልታስገድዱ እንዳላሰባችሁ አምናለሁ። ነገር ግን «ልጄን ምን እያስባሉብኝ ነው?» ብሎ የሚጨነቅ አባት ሥጋቱን ከሜዳ አላመጣውም። እሱን ማባረር ሳይሆን ማረጋጋት ነው የእናንተ ሥራ።

ስለዚህ ሰልፉ የሁሉም ይሁን፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል፣ ማስታወቂያ ይነገር። ጸሎቱ ለብቻው ይሁንና ወላጁ የፈረመለት ልጅ ብቻ ይግባ። የማይገቡትን ደግሞ ግቢ ውስጥ አታቁሟቸው። የደሴን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ብርዱ ባይኖር እንኳ ውጭ የቆመ ልጅ እንደተቀጣ ይሰማዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈትላቸው፣ አብሯቸው መምህር ይኑር።

ይህን ሁሉ ምዝገባ ላይ ተናገሩ። ክርስቲያን መሆናችሁን መደበቅ አያስፈልግም። «ጠዋት ጸሎት አለን፤ ልጅዎ ይግባ ወይስ ይቅር?» የሚል አንድ መስመር ቅጹ ላይ ይጨመር። ፊት ለፊት የነገራችሁትን ወላጅ አታጡትም። የሚቀየመው ነገሩን ከልጁ አፍ ሲሰማ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ያለች ኦርቶዶክስ እናት፦ መምህሩ ልጄን «ረቡዕና ዓርብ መጾም ጥቅም የለውም» አለው። ጴንጤ ሊያደርጉብኝ ነው?

መልስ፦ ነገ ጠዋት ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን በአካል አናግሪ። መምህሩ ያለ ቦታው ገብቷል። ይህን የምታነቡ ርዕሳነ መምህራንም ልብ በሉ። ለሙስሊሙ ልጅ የምታደርጉትን ጥንቃቄ «ያው ክርስቲያን ነው» እያላችሁ ለኦርቶዶክሱ ትረሱታላችሁ። የእሱም እናት እናት ናት።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ምሳ አብረው ይበላሉ። ሥጋ ሲመጣ ለያይተን እናስቀምጣቸው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ወሎ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ እያረደ አንድ ዳስ ውስጥ ሲያበላ ኖሯል። ልጆቹም ያውቁበታል። ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው፦ ሽሮውና ምስሩ መሃል ይሆናል፤ ጥብስ የያዘችው ልጅ ክዳኑ ላይ ገልብጣ ወደ ራሷ ታስጠጋዋለች፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲደግስ ግን የጾም ምግብ ብቻ ያቅርብ።

ጥያቄ፦ አንዲት ሙስሊም እናት፦ መምህርቷ ልጄን «በኢየሱስ ያላመነ እሳት ውስጥ ይገባል» አለቻት። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት «አባዬ ይቃጠላል» እያለች ትነሳለች፤ አልጋ ላይ መሽናትም ጀምራለች።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። በመሽናቷ እንዳትቆጫት። ማታ ማታ አባቷ ራሱ አጠገቧ ይቀመጥ፤ ሳይቆጣ ያናግራት፣ እስክትተኛ ይቆይ። ግን እዚህ ላይ አታቁሙ። ሆስፒታል ውሰዷትና የሕፃናት ሐኪምና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያት። «ያልፍላታል» የሚልሽን አትስሚ፤ በዚህ ሳምንት ሂዱ።

ለትምህርት ቤቱ ደግሞ፦ መምህርቷ የምታምነውን ማመን መብቷ ነው። መልስ መስጠት የማትችል ሕፃን ለአባቷ እንድትፈራ ማድረግ ግን መብቷ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ወላጆቹን ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ መምህርቷም ዳግም እንዳታደርገው በጽሑፍ ይነገራት።

ጥያቄ፦ አባት ሙስሊም፣ እናት ክርስቲያን ናቸው። ለጸሎቱ የማንን ፊርማ እንቀበል?

መልስ፦ የሁለቱንም። ካልተስማሙ እስኪስማሙ ልጁ ቤተ መጻሕፍት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ትልልቆቹ ተማሪዎች ዓርብ ለጁምዓ እንውጣ ይላሉ።

መልስ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይዘጋል። የዓርብን የምሳ ሰዓት አርዝሙት፤ የወላጅ ፈቃድ ያላቸው ሰግደው ይመለሱ።