የልብ ሐኪሙ ስም ኦፕን ፔይመንትስ ላይ ሲገኝ መዝገቡ እንዴት ይነበባል?

እህቴ፣ አሜሪካ የሚታከሙት አባትሽ ውድ የሆነ አዲስ የልብ መድኃኒት ታዞላቸዋል። የሐኪማቸውን ስም ኦፕን ፔይመንትስ ላይ (የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ኩባንያዎች ለሐኪሞች የሚከፍሉት የሚመዘገብበት የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ) ስትፈልጊ ደግሞ መድኃኒቱን ከሚሠራው ኩባንያ ገንዘብ መቀበላቸውን አይተሻል። «መድኃኒቱን እናቁም ወይስ ሐኪም እንቀይር?» ነው ጥያቄሽ።

ከሁሉ በፊት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ። ደም ማቅጠኛ ወይም ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከገባ በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ደም ረግቶ ስትሮክ ወይም ሃርት አታክ ሊያመጣ ይችላል። ቤታ ብሎከርም (የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚቀንስ መድኃኒት) በአንድ ቀን አይተውም። ከሐኪሙ ጋር እስክትነጋገሩ ድረስ አባትሽ እንደታዘዘላቸው ይውሰዱ።

ወደ መዝገቡ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ድምሩን አይቶ ይደነግጣል ወይም ይረጋጋል። ድምሩ ብቻውን ግን ብዙም አይናገርም። ገጹ ላይ የምርምር ክፍያ፣ የባለቤትነት ድርሻና አጠቃላይ ክፍያ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ በመሪ ተመራማሪነት ተመዝግበው ገንዘቡ ለሆስፒታሉ የገባበት የምርምር ክፍያ መቶ ሺህ ዶላር ቢሆን እንኳ ኪሳቸው ገባ ማለት አይደለም። አንቺን የሚመለከትሽ አጠቃላይ ክፍያ የሚለው ነው። እሱን ከፍተሽ መስመር በመስመር ቀኑን፣ ኩባንያውን፣ የክፍያውን ዓይነትና የመድኃኒቱን ስም እዪ። የአባትሽ መድኃኒት ስም ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ለምሳ ነው፣ ለጉዞ ነው፣ ለማማከር ነው ወይስ ለንግግር?

እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው የንግግር ክፍያን ነው። ኩባንያው ሐኪሙን ይመርጣል፣ ስላይዱን ያዘጋጃል፣ ሌሎች ሐኪሞችን እራት ይጋብዛል፤ ተናጋሪው ስለዚያው መድኃኒት አውርተው ይከፈላቸዋል። የአሜሪካ ጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ልዩ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አዲስ ነገር የማይነገርበት ስብሰባ፣ ውድ ምግብ ቤትና አልኮል፣ ያንኑ ንግግር ደጋግመው የሚሰሙ ተጋባዦች፣ መድኃኒቱን በብዛት ስለሚያዝዙ የሚመረጡ ተናጋሪዎች የአደጋ ምልክት መሆናቸውን ዘርዝሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኖቫርቲስ ዲዮቫንንና ሎትሬልን የመሳሰሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችን ከሚያስተዋውቁ እንዲህ ዓይነት ዝግጅቶች ጋር በተያያዘ ክስ 678 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ከአንድ ኩባንያ ለአንድ መድኃኒት ብዙ የንግግር ክፍያ ካየሽ ጥያቄ ማንሳትሽ ተገቢ ነው።

ምሳውንም አትናቂው። በ2016 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ ሐኪሞችን መዝገብ አይቷል። ከተመረመሩት አራት መድኃኒቶች ሦስቱ ሮዙቫስታቲን፣ ኔቢቮሎልና ኦልሜሳርታን ነበሩ፤ ሦስቱም የልብ ሐኪም በየቀኑ የሚያዛቸው ዓይነት ናቸው። አማካይ ዋጋው ከ20 ዶላር በታች የሆነ አንድ ምግብ የተጋበዙ ሐኪሞች ያንን መድኃኒት ካልተጋበዙት አብልጠው ያዝዙ ነበር፤ ግብዣው ሲደጋገም ትእዛዙም ይጨምራል። ጥናቱ ግንኙነቱን እንጂ ምሳው ትእዛዙን እንዳመጣ አያረጋግጥም። በደረት ውስጥ በሚተከል ዲፊብሪሌተር (የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ) ላይ በ2020 ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፦ ታካሚው የሚተከልለት መሣሪያ ለሐኪሙ ከሁሉ በላይ የከፈለው ኩባንያ ምርት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ መድኃኒቱ ለአባትሽ ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። የልብ ድካም መድኃኒት የሆነውን ኢንትሬስቶን እንደ ምሳሌ ውሰጂ፤ የሚሠራው ራሱ ኖቫርቲስ ነው። ነገር ግን በ2014 የወጣው ትልቁ ሙከራ የልባቸው የመርጨት አቅም በቀነሰባቸው የልብ ድካም ሕሙማን ላይ ኢናላፕሪል ከተባለ የቆየ መድኃኒት ጋር ተነጻጽሮ፣ በልብ ምክንያት መሞትንና ለልብ ድካም ሆስፒታል መተኛትን በ20 በመቶ ቀንሷል። ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ ያዘዙ ሐኪም ምሳ ስለተጋበዙ ብቻ አጠፉ አይባልም። ጥርጣሬዬ የሚበረታው ርካሽ ጀነሪክ (ያንኑ ንጥረ ነገር የያዘ፣ ያለ ንግድ ስም የሚሸጥ መድኃኒት) ያለው ስታቲን (የኮሌስትሮል መቀነሻ) ወይም የደም ግፊት መድኃኒት እያለ፣ ምክንያቱ ሳይነገር የንግድ ስም ያለው ሲታዘዝ ነው።

መዝገቡን ስታነቢ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። በተመሳሳይ ስም ብዙ ሐኪም አለ፤ ከተማውን፣ ስፔሻሊቲውንና ባለ 10 አኃዙን የኤንፒአይ ቁጥር (የእያንዳንዱ የጤና ባለሙያ መለያ) አመሳክሪ። በአንድ ክፍያ መስመር ላይ እስከ አምስት ምርት ሊጻፍ ይችላል፤ ገንዘቡ ለእያንዳንዱ ለየብቻ አልተከፈለምና ደጋግመሽ አትደምሪ። ነጻ የመድኃኒት ናሙና ጨርሶ አይመዘገብም፤ «ይህን ሞክሩ» ተብሎ ከክሊኒኩ የተሰጠ ፓኬት ካለ እዚያ አታገኚውም። መረጃው የሚወጣው በሰኔ መጨረሻ ያለፈውን ዓመት ይዞ ስለሆነ የዘንድሮውን አያሳይም። ክትትሉን የሚያደርጉት ነርስ ፕራክቲሽነር ወይም ፊዚሺያን አሲስታንት (ሐኪም ሳይሆኑ መድኃኒት የሚያዝዙ ባለሙያዎች) ከሆኑ የእነሱንም ስም ፈልጊ፤ ከ2021 ጀምሮ ለእነሱ የሚከፈለውም ይመዘገባል።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮ ላይ አባትሽ ወይም አንቺ በአክብሮት እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት ከጀነሪኩ ወይም ከድሮው በምን ይበልጣል? ለአባቴ ዓይነት ታካሚ የተደረገ ሙከራ አለ? ወደ ርካሹ ብንቀይር ምን እናጣለን? ስለዚህ መድኃኒት ለኩባንያው ንግግር ያደርጋሉ?» መጨረሻ ላይ ያለውን መጀመሪያ አታንሱት፤ ሐኪሙ ራሳቸውን ወደ መከላከል ይሄዱና የሕክምናው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። የልብ አልትራሳውንድ ውጤቱን፣ የኮሌስትሮሉንና የኩላሊቱን ቁጥር ጠቅሰው የሚመልሱ ከሆነ ሐኪም መቀየር አያስፈልጋችሁም። «አዲሱ ይሻላል» ከማለት ካላለፉ ግን የምርመራ ውጤቶቹን ቅጂ ጠይቃችሁ ሌላ የልብ ሐኪም አስተያየት ውሰዱ። ያንን መብታችሁን ሐኪሙ ሊቀየሙበት አይገባም። ትእዛዙ በገንዘብ የተገዛ መሆኑን የሚያሳይ ነገር በእጃችሁ ካለ ደግሞ የዋና ኢንስፔክተሩ ጥቆማ መቀበያ ስልክ 1-800-447-8477 ነው።