መርከብ ይሠራል ወይስ ይገነባል?

ጥያቄ፦ በዴንማርክ፣ ሮስኪልዴ ከተማ ስላለው የቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም የተጻፈ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የሙዚየሙ አናጢዎች ጥንታውያን መርከቦችን በጥንቱ አሠራር መልሰው ይሠራሉ። እኔ «መርከብ ሠሩ» ብል አርታኢዬ «‹ሠራ› ለትንሽ ነገር ነው» ብለው «ገነቡ» በሚለው ተኩብኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ አስቀድመው የጻፉት ልክ ነበር። «ሠራ» ለትንሽ ነገር ነው የሚለውን አስተያየት ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ማስረጃ ሲቀርብለት ግን አላየሁም። ርዝመቱ 300 ክንድ የሆነውን የኖኅን መርከብ የዘፍጥረት አማርኛ «ሥራ» ብሎ ነው ያዘዘው፤ «በቅጥራን ለቅልቃት» የሚለውም እዚያው ይገኛል።

«ገነባ» ከ«ግንብ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ግንብ መሠረት ተቆፍሮለት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ፣ በጭቃ ወይም በኖራ ተያይዞ የሚቆም ነው። የሮስኪልዴውን ሥራ እስቲ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1962 ከፊዮርዱ (ወደ የብስ ከዘለቀው የባሕር ወሽመጥ) ከወጡት አምስት መርከቦች አንዱ፣ በ1042 ገደማ በዳብሊን የተሠራ፣ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም የጦር መርከብ ነው። አምሳያው «የባሕር ድንጉላ» እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 ሲሠራ የባሉጡ ግንድ በመጋዝ አልተሰነጠቀም፤ ጭረቱን ተከትሎ በሽብልቅ ተፈልጦ በመጥረቢያ ተጠረበ እንጂ። የአንዱ ሳንቃ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረባል፤ በመካከሉ በቅጥራን የተነከረ የበግ ጠጉር ይገባል፤ ምስማሩ ዘልቆ በወዲያኛው በኩል ይቀጠቀጣል። እንደ ጎድን አጥንት የጎበጡት ደጋፊ እንጨቶች የሚገቡት ከሳንቃው በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግንብ የሚያሰኝ አንዳች ነገር የለም።

ከ«ሠራ» ከፍ ያለ ግስ ካስፈለገ ግእዙ «ሐነጸ» ይለናል፤ «አናጢ» የምንለው «ሐናጺ» ነውና፣ ጸ ወደ ጠ ሲለወጥ የተገኘ ነው። «መርከብ አነጹ» ቢባል ለጆሮዬ ከሁሉም ይጥመኛል፤ ነገር ግን «አነጸ» ዛሬ ለቤተ ክርስቲያንና ለሥነ ምግባር ስለ ተተወ፣ በዚህ የሚከተለኝ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ።

«መርከብ»ን ከግእዙ «ረከበ» የሚያወጡም አሉ። የግእዙ «ረከበ» ግን «አገኘ» ማለት ነው፤ «መርከብ» የሚለው ቃል «ተሳፈረ፣ ጋለበ» ከሚለው የዐረብኛ ግስ የመጣ ነው፤ ግእዝ ለዚህ የራሱ «ሐመር» አለው። «ጀልባ»ም የቀይ ባሕር ዐረብኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1183 በቀይ ባሕር የአፍሪካ ዳርቻ ከነበረው የዐይዛብ ወደብ ወደ ጂዳ የተሻገረው የአንዳሉሱ መንገደኛ ኢብን ጁበይር፣ እነዚያ ጀልባዎች አንድም ምስማር ሳይገባባቸው በኮኮነት ቃጫ ገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ጽፏል። በዚያ ዘመን ጀልባ የሚሰፋ ነገር ነበር፤ የጣናውም ታንኳ ደንገል እየታሰረ ይሠራል። የተሰፋውንና የታሰረውን «ተገነባ» ማለት ሥራውን ካለማየት የሚመጣ ነው።

ብረቱ እየተበየደ ለሚወጣው ለዛሬው ግዙፍ መርከብ ግን «የመርከብ ግንባታ» ማለት በዜናውም በመሥሪያ ቤቱም ጸንቷል፤ ባልወደውም ስሕተት ነው ብዬ አላርመውም። የሮስኪልዴውን «ሠሩ» ግን አርታኢዎ ወደ ቦታው ይመልሱልዎት።