የኔክስትክላውድ ሰርቨርን ወደ አዲስ ማሽን ስለማዛወር የቀረበ መልስ

በደብረ ማርቆስ ቢሯችሁ ያለውን የኔክስትክላውድ (ፋይሎችን በራስ ማሽን አስቀምጦ ለተጠቃሚዎች የሚያጋራ ሶፍትዌር) ሰርቨር ፋይልም ሆነ ተጠቃሚ ሳይጠፋ ወደ አዲስ ማሽን እንዴት እንደሚያዛውሩ ጠይቀዋል። እኔም ይህንኑ ሥራ ፍኖተ ሰላም ላይ ሠርቼዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ማዛወርንና ማሻሻልን አይቀላቅሉ። አዲሱ ማሽን ላይ የሚጭኑት ስሪት ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ ማሻሻሉ ኋላ ይደርሳል፣ ያውም ዋና ስሪት ሳይዘሉ፣ ከ27 ወደ 28፣ ከ28 ወደ 29 እያሉ ነው።

ፋይሎቹን አርሲንክ በሚባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ይገልብጡ። የመጀመሪያው ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ቢጠፋም ትእዛዙን ሲደግሙት የተገለበጠውን ትቶ ቀሪውን ብቻ ስለሚወስድ ለእኛ አካባቢ እጅግ ይመቻል። ከዚያ ሰርቨሩን ለጊዜው ለተጠቃሚዎች የሚዘጋውን የጥገና ሁነታ ያብሩና ዳታቤዙን (የተጠቃሚዎችና የፋይሎች መዝገቡን) ወደ ፋይል አውጥተው ሁለተኛውን ዙር ያካሂዱ፤ ሁነታው ሳይበራ ከተገለበጠ ግን በመሃል ሰው በሚጭነው ሰነድ ምክንያት ዳታቤዙና ፋይሉ አይስማሙም።

የሰርቨሩን ቅንብር የያዘውን የኮንፊግ ፋይል አዲስ አያስፈጥሩ፤ ምስጢራዊ ቁልፎቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ አሮጌውን እንዳለ ይውሰዱት። አዲሱን አድራሻ እዚያው ፋይል ላይ ካለው የታመኑ ዶሜኖች (ሰርቨሩ የሚቀበላቸው አድራሻዎች) ዝርዝር ውስጥ ማስገባትም አይርሱ።

እኔን እስከ እኩለ ሌሊት ያስመሸኝ የፋይሎቹ ባለቤትነት ነበር። በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ መለያ) ስለገለበጥኳቸው ሁሉም የሩት ሆነው ቀሩ፣ ገጹም የዳታ ማህደሩ ላይ መጻፍ አልችልም ይለኝ ነበር፤ ባለቤትነቱን ለዌብ ሰርቨሩ (ገጹን ለሚያቀርበው ፕሮግራም) የተጠቃሚ መለያ ስመልስ ወዲያው ተከፈተ።

አሮጌውን ማሽን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አያጥፉት፣ ነገር ግን ሠራተኞች እንዳይገቡበት ከኔትወርኩ ይንቀሉት።