ነጥቧን አታጥፏት

መርከብ ላይ ልትወጡ ሻንጣ ለምትሸክፉ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የድሮ የባህር ካርታ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ታትሞ የወጣውን ባዶውን ካርታ ማለቴ አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የንግድ መርከበኛ በእርሳስ የሞነጫጨረበትን ነው የምላችሁ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ መርከቧ ያለችበትን ቦታ በነጥብ ያስቀምጣል። ከትናንቱ ነጥብ ጋር በመስመር ያገናኛል። አጠገቡ ቀኑን ይጽፋል። በቃ። ነፋስ ሲጠፋ ነጥቦቹ እንደ ጤፍ ይጠጋጋሉ። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ መስመሩ እንደ ሰካራም ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ሸራ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ አይሄድማ።

ይህ ጭረት ማንን ይጠቅማል? ማቲው ሞሪ የሚባል አሜሪካዊ የባህር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1839 በሠረገላ አደጋ እግሩ ተሰበረ። በ1842 ዋሽንግተን ውስጥ የካርታና የመሣሪያ ማከማቻ ኃላፊ ሆነ። እዚያ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ የመርከብ መዝገብ ተከምሮ አገኘ። አንድ በአንድ አስገለበጠው። በ1847 የሰሜን አትላንቲክን የነፋስና የውሃ ፍሰት ካርታ ማውጣት ጀመረ። የመርከቦቹ መንገድ ተስሎበታል፤ ቀለሙ ወቅቱን ይናገራል። ካፒቴኖች ካርታውን በነፃ ይወስዳሉ፤ በምላሹ የራሳቸውን ጉዞ መዝግበው ይልካሉ። (ሰውየው ኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ጎን ቆሟል። ሥራውን ሳደንቅ ይህን አልረሳም።)

ያኔ የፓናማ ቦይ ገና አልተቆፈረም። ከኒው ዮርክ ተነስቶ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ዞሮ ሳን ፍራንሲስኮ መድረስ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በላይ ይፈጅ ነበር። በ1851 ፍላይንግ ክላውድ የምትባል መርከብ በ89 ቀን ከ21 ሰዓት ገባች። ቦታዋን እየለካች መንገድ የምትመራው የካፒቴኑ ሚስት ኤሌኖር ክሪሲ ነበረች፤ የሞሪን ሥራ ትከተል ነበር። ከመካከላችሁ ያላችሁ ሴቶች ይህን ስም ያዙልኝ።

እንግዲህ አስቡት። ከእነዚያ ካፒቴኖች ብዙዎቹ አፍረው የተንገዳገደውን መስመር ቢያቃኑት ኖሮ፣ ሞሪ የሚሰበስበው ውሸት ነበር።

እኔ አቅንቼ አውቃለሁ። ጀማሪ መኮንን ሳለሁ፣ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ከምድር ወገብ አጠገብ፣ ጠዋት ፀሐይን በሴክስታንት፣ ከአድማስ ያላትን ከፍታ በሚለካው መሣሪያ፣ ለካሁ። ከዚህ ልኬት ቦታን ለማስላት የተለካበትን ሰዓት በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ነጥቡ ከጠበቅኩት 15 የባህር ማይል ርቆ ወደቀ። ሰዓቱን 1 ደቂቃ ስቼ ያነበብኩ መሰለኝና አፈርኩ። በላጲስ አጥፍቼ ከመስመሩ ጋር አስማማሁት። ካፒቴኑ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ የላጲሱን ጠባሳ አየ። አልጮኸም።

«ብትተወው ኖሮ ሰዓቱን እንፈትሽ ነበር» አለኝ። «አሁን ምኑን እንፈትሽ?»

የመርከቧን ሰዓት ከሬዲዮ የሰዓት ምልክት ጋር አስተያየን። ስህተቱ የእኔ አልነበረም፤ የሰዓቱ ነበር።

ዛሬ ጂፒኤስ እንዳለ አውቃለሁ፣ አትሳቁብኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ግን እናንተ የተጠራጠራችሁበትን ሌሊት አያሳይም። ስለዚህ የራሳችሁን ደብተር ያዙ። ነጥቡ አላምር ካለ አጠገቡ «ተጠራጥሬያለሁ» ብላችሁ ጻፉና እለፉ። እርሳሱ ለስላሳው ይሁን፣ ቱ ቢ የሚባለው። ጠንካራው ወረቀት ይቦጭራል።