ፕሌቱን የለበጣችሁት በምን አንቲጂን ነው?

ልጆቼ፣ የሆድ ቫይረሶች አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ጥናት ውስጥ ስትገቡ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፤ የኤሊሳ (አንቲቦዲን በቀለም የሚለካ ምርመራ) ማንበቢያው ያወጣውን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት ፕሌቱን (ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉትን የመመርመሪያ ሰሌዳ) በምን አንቲጂን፣ ማለትም አንቲቦዲው በሚይዘው በየትኛው የቫይረስ ክፍል፣ እንደለበጣችሁት ጠይቁ። ቁጥሩ የሚናገረው ሲረሙ (ሕዋሶቹ የተለዩለት የደም ፈሳሽ) ውስጥ ከዚያ አንቲጂን ጋር የሚጣበቅ አንቲቦዲ መኖሩን ነው። ሕፃኑ ከበሽታው ተጠብቋል ማለት ሌላ ጉዳይ ነው።

ሕፃናት ላይ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሮታቫይረስን ተመልከቱ። ሦስት የፕሮቲን ንብርብር አለው። መካከለኛው ቪፒ6 ነው (ቪፒ የቫይረስ ፕሮቲን ማለት ነው)፤ ሰውነት በብዛት አንቲቦዲ የሚያመርተው በእሱ ላይ ነው፣ የሰገራ መመርመሪያ ኪቶችም በአብዛኛው የሚፈልጉት እሱን ነው። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግዱት ግን በዋናነት ከውጭ ያሉትን ቪፒ7ንና ቪፒ4ን የሚይዙት ናቸው።

ቪፒ7 በካልሲየም ተያይዞ የቆመ ነው። ቡፈሩ (ፒኤች የሚጠብቀው መሟሟያ) ውስጥ ካልሲየም የሚይዘው ኬሚካል ኢዲቲኤ ከገባ ካልሲየሙ ይነጠቃል፣ የውጭው ንብርብር ተልጦ ይወድቃል፣ ቪፒ6 ይገለጣል። ፕሌቱ ግን እንደወትሮው ደማቅ ቀለም ይሰጣል፤ ስህተቱን በዓይን የምታዩበት ምልክት የለም። ለተጣራ ፕሮቲን የተለመደው ፒኤች 9.6 የካርቦኔት ቡፈር ጥሩ ነው። ሙሉ ቫይረስ ስትለብጡ ግን ካርቦኔትም ፎስፌትም ካልሲየሙን ያዘቅጡታልና ካልሲየም ክሎራይድ የገባበት ትሪስ ቡፈር ተጠቀሙ።

ማገጃውም (የፕሌቱን ባዶ ቦታ የሚሸፍነው) ያሳስበኛል። 5 በመቶ የዱቄት ወተት ምቹ ነው፤ ሆኖም የላም ወተት ራሱ የሮታቫይረስ አንቲቦዲ ሊኖረው ይችላል። ቪፒ6 ደግሞ በላምና በሰው ቫይረሶች ላይ በጣም ስለሚመሳሰል የወተቱ አንቲቦዲ አንቲጂናችሁን ቀድሞ ሊሸፍነው ይችላል። ከሌላ ማገጃ ጋር ሳታነጻጽሩ አትቀጥሉ።

ሌላው የሆድ ቫይረስ፣ ኖሮቫይረስ ላይ ችግሩ ይለያል። የሰው ኖሮቫይረስ በላቦራቶሪ በተሠራ የአንጀት ኢንተሮይድ (ከአንጀት ሕዋሶች የሚበቅል ትንሽ አንጀት መሰል ቅርጽ) መራባቱ የተዘገበው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዛሬም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከውጭ ልባሱ ፕሮቲን ከቪፒ1 ብቻ የተሠራውን ባዶ ቅንጣት ይዘን፣ ሲረሙ ቅንጣቱ ቫይረሱ ሕዋስ ላይ ከሚይዛቸው የደም ዓይነት ስኳሮች ጋር እንዳይጣበቅ ምን ያህል እንደሚያግድ እንለካለን። ቅንጣቱንና ሲረሙን ቀድማችሁ አደባልቃችሁ አቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ስኳሩ ወዳለበት ዌል (የፕሌቱ ጉድጓድ) ጨምሩ። ውጤቱ መጣበቁን በ50 በመቶ የቀነሰው የሲረሙ የመጨረሻ ብጥብጥ (የቀጠነበት መጠን) ነው። እነዚህ ስኳሮች አንጀት ላይ እንዲወጡ የሚያደርገው የኤፍዩቲ2 ጂኑ የማይሠራ ሰው አብዛኞቹን ዝርያዎች የመቋቋም ዕድል ስላለው፣ አንቲቦዲው ዝቅ ብሎ ያገኛችሁትን ሁሉ ለአደጋ የተጋለጠ አትበሉት።

የሕመሙ ሰሞን የተወሰደውንና ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ የተወሰደውን ሲረም አንድ ፕሌት ላይ ጎን ለጎን አስኬዱ። የ2 እጥፍ ልዩነት ከፒፔት ስህተትም ይመጣል፤ 4 እጥፍ ጭማሪ ጠብቁ። ትንሽ ሕፃን ላይ አይጂጂ (በደም ውስጥ የሚበዛው የአንቲቦዲ ዓይነት) ብቻ አትለኩ፤ በእንግዴ ልጅ በኩል ያለፈው የእናቱ ነውና አይጂኤ (አንጀት የሚያወጣው የአንቲቦዲ ዓይነት) ጨምሩ። አይጂኤውን ከሰገራ የምትለኩ ከሆነ ናሙናው እንደደረሰ ፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይሞችን የሚያግድ ነገር ጨምሩበት፣ ውጤቱንም ለጠቅላላው አይጂኤ አካፍሉ፤ ውሃ የበዛበት ሰገራ ቀጥኖ ዝቅተኛ መስሎ ይታያልና። ማቆያ ብላችሁ ግን ሶዲየም አዛይድ አትጨምሩ፤ ቀለሙን የሚያወጣውን ፐርኦክሲዴዝ ይገድለዋል።