የቢሊዮን ዓመት ስንጥቅ እንጀራ ይሆናል?

የጂኦሎጂ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። አማካሪሽ የመመረቂያ ጥናትሽን በመሠረት ዓለት፣ ማለትም ከደለሉ ሥር ባለው ጥንታዊ ጠጣር ዓለት፣ ውስጥ ባሉ ጥንታዊ ስንጥቆች ላይ እንድትሠሪ ሐሳብ አቅርበውልሻል። ጓደኞችሽ ግን «በሞተ ስንጥቅ ማን ይቀጥርሻል?» ስላሉሽ አመንትተሻል።

እኔ ብሆን የአማካሪሽን ሐሳብ እቀበላለሁ። «የሞተ» የሚለው ቃል ራሱ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተንሸራተተ ዓለት፣ ደለል ተከምሮበት ከዓይን ቢሰወርም፣ ደካማነቱ አብሮት ይኖራል። ቅርፊተ ምድር ዳግም ሲለጠጥ ወይም ሲገፋ፣ አዲስ ከመስበር አሮጌውን ማንሸራተት ብዙ ጊዜ ይቀልለዋል። የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ ዘርጊ። ስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብ ሲወርድ ለሁለት ይከፈልና ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የታንዛኒያ ክሬተን (ጥንታዊና ጠንካራ የአህጉር እምብርት) በግራና በቀኝ ይዞረዋል። ጠንካራውን መሐል ትቶ በዙሪያው ያሉትን የጥንት ተራሮች ሥሮች መርጧል፤ በምሥራቅ የሞዛምቢክን ቀበቶ፣ በምዕራብ ደግሞ በታንጋኒካና በሩክዋ ሐይቆች መካከል የኡቤንዲያንን ቀበቶ።

በ2001 እ.ኤ.አ. በሕንድ ጉጅራት ከ10 ሺህ በላይ ሰው የገደለው ርዕደ መሬት የደረሰውም በዳይኖሰሮች ዘመን ተለጥጦ በተሰነጠቀ፣ ዛሬ ግን በተቃራኒው በሚገፋ ምድር ነው። የግድብና የዋሻ መሐንዲሶች ስለ አሮጌ ስንጥቅ የሚጨነቁት ለዚህ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ፈላጊውም ደጅሽን ይጠናል፤ በጠጣር ዓለት ውስጥ ውሃው የሚገኘው በስብራቱ ነውና፣ የጉድጓዱ ቦታ በጥቂት አስር ሜትሮች ከሳተ ደረቅ ሊወጣ ይችላል። ወርቅና የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ፈላጊዎችንም ጨምሪያቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። በዚህ ዘርፍ ቀጣሪ የሚያጣው ሰው ጥንታዊ ስንጥቅ ያጠና ሳይሆን በየቦታው ጥንታዊ ስንጥቅ የሚታየው ሰው ነው። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ከሳተላይት ምስል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አውጥቼ «ዳግም የነቃ ፎልት» (ዓለቱ የተንሸራተተበት ስንጥቅ) ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ቦታው ድረስ ስንሄድ ለኤሌክትሪክ መስመር የተመነጠረ ደን ሆኖ ተገኘ! አለቃዬ አልተቆጡም፤ ኮምፓሱን ብቻ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

መስመሩ እውነተኛ ስንጥቅ ቢሆን እንኳ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን መሄዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአሮጌው ዓለት ንጣፍ ዘንበል ያለው በጥቂቱ፣ አዲሱ ስብራት ግን ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ፣ አዲሱ አሮጌውን ቆርጦት አልፏል እንጂ አልወረሰውም። ስለዚህ የሁለቱንም አቅጣጫና ዝንባሌ ለኪ። በስንጥቁ ገጽ ላይ ፍትጊያው የተወውን ጭረት በጣትሽ ዳብሺው፤ ወዴት እንደተንሸራተተ፣ አንዳንዴም ከአንድ ጊዜ በላይ መንሸራተቱን የሚነግርሽ እሱ ነው። አንዱ ጭረት ሌላውን አቋርጦ ካገኘሽ ፎቶ አንሺ፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከዚያ የተሻለ ይዘሽ የምትሄጂው ነገር የለም። የካርታ ሶፍትዌሩን ጎን ለጎን ተማሪ፤ ጓደኞችሽ በዚያ አልተሳሳቱም።

ርዕሱን ከመቀበልሽ በፊት አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ በጥናቱ አካባቢ የመሠረት ዓለቱ ከደለል ወጥቶ በእጅ የሚነካበት ቦታ አለ? ከሌለ ርዕሱን ሳይሆን ቦታውን እንዲለውጡልሽ ለምኚያቸው።