ከወንድም ወይም ከእህት ጋር የሁለት ቀን የከተማ ጉዞ፦ ጥያቄና መልስ

ከታናሽ እህቴ ጋር ቅዳሜና እሑድን ብቻ ይዘን ወደ ትልልቅ ከተሞች መጓዝ ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። በዚህ ጉዳይ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙ ሰው የሚጋራቸውን መርጬ እመልሳለሁ። በእንዲህ ያለ ጉዞ ከገንዘብ ቀድሞ የሚያልቀው ሰዓት ስለሆነ፣ አብዛኞቹ መልሶቼ ሰዓትን ከማዳን ጋር የተያያዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንሄድበትን ከተማ መምረጥ አቅቶናል። በካርታ ላይ ቅርብ የሆነውን ብንመርጥ ይሻላል?

መልስ፦ የካርታው ርቀት ብቻውን ያሳስታል። ከቤታችሁ በር ተነሥታችሁ ማረፊያችሁ ደጃፍ እስክትደርሱ ያለውን ሰዓት ቁጠሩ። አርብ ማታ ሄዳችሁ እሑድ ማታ የምትመለሱ ከሆነ ያላችሁ 48 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሲቀነስለት 32 ይቀራል፤ ከዚህም ላይ ደርሶ መልሱ ከ10 ሰዓት በላይ የሚበላ ከሆነ ያንን ከተማ ለረዘመ ዕረፍት ብታቆዩት እመክራለሁ። ትልልቅ ከተሞች ከአንድ በላይ አውሮፕላን ማረፊያ ስላላቸው ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ስም አጥርቶ ማንበብ ያስፈልጋል። የቶኪዮው ናሪታ ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ሃኔዳ የሚርቀው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ነው። የኢስታንቡል ሁለቱ ማረፊያዎች ደግሞ አንዱ በአውሮፓ፣ ሌላው በእስያ በኩል ይገኛሉ። የዕረፍት ቀናትም በየአገሩ አንድ አይደሉም፤ በካይሮ አርብና ቅዳሜ ናቸው፤ ዱባይም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 በፊት እንዲሁ ነበረች።

ጥያቄ፦ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ርካሽ ማረፊያ አግኝተናል። እንያዘው?

መልስ፦ እኔ አልይዘውም። ማረፊያው ከምታዩት ሁሉ አንድ ሰዓት ቢርቅ፣ በቀን አንድ ጊዜ ወጥታችሁ አንድ ጊዜ ብትመለሱ እንኳ በሁለቱ ቀናት አራት ሰዓት መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ግን ቀትር ላይ ተመልሶ አንድ ሰዓት ጋደም ለማለት አለመቻሉ ነው፤ በልምዴ እንዳየሁት ወንድማማቾችና እህትማማቾች በጉዞ ላይ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ፣ እግራቸው ሲዝል ነው። ስለዚህ ክፍሉ ጠበብ ቢልም ባቡርና አውቶቡስ የሚገናኙበት አካባቢ ይሁንላችሁ።

ክፍሉን ስታስይዙ ደግሞ አልጋውን ጠይቁ። «ደብል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰፊ አልጋ ያለው ክፍል ሲሆን፣ ሁለት የተለያዩ አልጋዎች ያሉት «ትዊን» ይባላል። ሁለት አዋቂ ብላችሁ ብቻ ከሞላችሁ ባለ አንድ አልጋው ሊሰጣችሁ ይችላል። እኔና እህቴ ይህንን ሳናጣራ እኩለ ሌሊት ላይ ደርሰን አንዳችን ወንበር ላይ አድረናል፤ በማግስቱ ያየነው ነገር ሁሉ በድካም የታየ ነበር። በብዙ ሆቴሎች ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ፣ የሚለቀቀውም እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት በመሆኑ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ሻንጣ ያስቀምጡላችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ታናሽ እህቴ ገና ተማሪ ናት። ሁሉንም ልክፈል ስላት ቅር ይላታል፤ እኩል እንክፈል ብል ደግሞ አቅሟ አይፈቅድም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ መልሱንም እኛ ራሳችን ለማግኘት ጥቂት ዓመታት ፈጅቶብናል። የጠቀመን ወጪውን በዓይነቱ መለየት ነው። ትኬቱንና ማረፊያውን እርስዎ ይያዙ፤ እነዚህ ከጉዞው በፊት ተከፍለው የሚያልቁ ስለሆኑ በየሰዓቱ ዓይን ውስጥ አይገቡም። ለሁለቱ ቀናት የሚሆነውን ገንዘብ ግን ሁለታችሁም እኩል አዋጥታችሁ በአንድ ቦርሳ አድርጉ። መጠኑን የምትወስነው እህትዎ ትሁን፤ ቦርሳውንም እሷ ትያዘው። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ቀናት አኗኗር የሚወስነው ቦርሳው ይሆናል፤ ታክሲ የማያስችል ከሆነ ሁለታችሁም በአውቶቡስ ትሄዳላችሁ። እርስዎ ከቦርሳው አቅም በላይ የሆነ አንድ ነገር ካማረዎት ከመነሣታችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ፣ ግብዣ መሆኑን ተናግረው ይጨርሱ። እዚያው ከተማ ላይ በየመክፈያው ፊት እጅዎን ወደ ኪስዎ ከሰደዱ፣ ደግነትዎ ለእሷ በየደቂቃው የሚነገራት የዕድሜና የአቅም ልዩነት ይሆንባታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሙዚየም ከገባ አይወጣም፤ እኔ ደግሞ በእግሬ እየዞርኩ ሰፈር ማየት እወዳለሁ። በሁለት ቀን ሁለታችንም የምንረካው እንዴት ነው?

መልስ፦ እያንዳንዳችሁ የማትተዉትን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ አንዱ የቅዳሜ፣ ሌላው የእሑድ ይሁን። በዚያ ሰዓት ሌላው ሳያጉረመርም አብሮ ይሂድ። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለው ሁሉ ከተመቸ የሚደረግ፣ ካልተመቸ የሚቀር ነው፤ ለሁለት ቀን ዐሥር ቦታ የጻፈ ሰው ዐሥሩንም በሩጫ ያልፋቸዋል።

የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚውል የምትወስኑት የመክፈቻ ሰዓቱን አይታችሁ ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ ናቸው፤ በዚያች እሑድም መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሰልፉ ይበዛል። የፓሪሱ ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ቢሆንም አርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው፤ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም አርብና ቅዳሜ እንዲሁ ያመሻል። አርብ ከቀትር በኋላ የሚደርስ መንገደኛ በእነዚህ የምሽት ሰዓታት ተጠቅሞ ቅዳሜን ለእግር ጉዞ ሊያተርፍ ይችላል።

መለያየትንም አትፍሩት። ሁለት ሰዓት አብራችሁ ካያችሁ በኋላ ወንድምዎ እዚያው ይቆይ፣ እርስዎ ይውጡ። የምትገናኙበትን በር በስሙ ወስኑ፤ ትልቅ ሙዚየም ብዙ መውጫ ስላለው «ደጅ እንገናኝ» ማለት አይበቃም፤ ስልክ ሊዘጋ ስለሚችልም ሰዓቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ።

ጥያቄ፦ ለሁለታችን አንድ የባንክ ካርድ ይዘን በከተማ ባቡርና አውቶቡስ መሄድ እንችላለን?

መልስ፦ እንደ ከተማው ይለያያል። በለንደን እያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱን ካርድ ማስነካት አለበት፤ አውቶቡሶቹም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ጠዋት በካርድ፣ ማታ በስልክ ከከፈላችሁ እንደ ሁለት ሰው ስለሚቆጠር የቀኑ የክፍያ ጣሪያ (በአንድ ቀን ከአንድ ሰው ከዚያ በላይ የማይቆረጥበት ወሰን) ጥቅም ይቀርባችኋል። በፓሪስ የሳምንቱ ማለፊያ ከሰኞ እስከ እሑድ የሚቆጠር በመሆኑ ለቅዳሜና እሑድ እንግዳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ሁሉን ነገር ራሱ ይወስናል፤ እኔ ተከታይ ብቻ እሆናለሁ። ሳልጣላው ይህን እንዴት ላስተካክል?

መልስ፦ በቤት የለመዳችሁት ቦታ ተከትሏችሁ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ልንገረው ካሉም በድካም ሰዓት ወደ ጠብ ይዞራል። ከመነሣታችሁ በፊት የቅዳሜው መሪ እሱ፣ የእሑዱ እርስዎ እንዲሆኑ ይጠይቁት። መሪው መንገዱን ያጠናል፣ ሰዓቱን ይይዛል፤ ቢሳሳትም ሌላው አያርመውም። ወንድምዎ የለመደውን ለመተው አንድ ሙሉ ቀን ዝም ብሎ መከተል ሊከብደው ስለሚችል፣ የተወሰነ ቀን መኖሩ ለእሱም ያቀልለታል።

ጥያቄ፦ ወንድምና እህት ነን። በባቡር አንለያይም?

መልስ፦ በካይሮ ሜትሮ የመሀል ፉርጎዎች ለሴቶች የተለዩ ናቸው፤ በዱባይም ለሴቶችና ለሕፃናት የተከለለ ክፍል አለ። አብራችሁ ለመሄድ ከፈለጋችሁ ሌሎቹን ተሳፈሩ፤ ምልክቱ ከመድረኩ ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ብንቆይ ያዋጣል?

መልስ፦ በኒውዮርክ የምድር ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአንዳንድ መስመሮች አርብና ቅዳሜ ሌሊት አለ። በቶኪዮ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ባቡር ስለሌለ፣ የመጨረሻውን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ደርሶ መልስ ትኬት ቆርጧል፤ አሁን ግን ሲሄድ ከእኔ ጋር በመኪና ሄዶ፣ ሲመለስ ብቻ በአውሮፕላን መመለስ ይፈልጋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በመሄጃው ያልተሳፈረን መንገደኛ መመለሻ ብዙ አየር መንገዶች ይሰርዙበታል። ከጉዞው በፊት ደውሎ ትኬቱን ያስለውጥ፤ የማይቻል ከሆነ እሱ እንደ ትኬቱ ይብረር፣ እርስዎም አርብ ማታ ማረፊያው ላይ ይጠብቁት። መመለሻውን ሲያስለውጥ ደግሞ የእሑድን የመጨረሻ በረራ ትቶ ከእሱ የሚቀድመውን ይያዝ፤ ያ ቢሰረዝ በዚያው ምሽት የሚተካ ሌላ ይኖረዋል።